ከነጩ ጨርቅ ላይ የጠፋችው ሮንዴላ

ጋሽ ምንዳዬ ማረፋቸውን የነገረኝ አብዲ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ነው። ከሥራ ስወጣ የመሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝና፣ «ያ የፈላና በሩ የሞተር መካኒክ፣ ጋሽ ምንዳዬ፣ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለኝ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሞታቸው አልነበረም። ይህ ልጅ ይህን ሊነግረኝ ብሎ ለምን እዚህ ድረስ መጣ ብዬ ነው ያሰብኩት። የሚያውቀው ነገር ይኖር ይሆን? ሰውዬው ገና ሳይቀበሩ እኔ የራሴን ገመና እዳስስ ነበር።

አብዲ ምንም አያውቅም። ሽማግሌውን እንደምወዳቸው ያውቃል፤ እሱም እውነት ነው። ነገር ግን ጋሽ ምንዳዬን የጎዳኋቸው እኔ ነኝ። በሥራቸው የሚኮሩትን ሰው፣ እጃቸውን ማመን እንዲያቆሙ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።

ከተፈጥሮዬ ልጀምር። ሻጭ ፈገግ ካለልኝ ዓይኔ ወደ ሚዛኑ ይሄዳል። ጎረቤት ከወትሮው ሞቅ አድርጎ ሰላም ካለኝ ምን ፈልጎ ይሆን እያልኩ እውላለሁ። እናቴ «አንተ ጡት ስትጠባም አንድ ዓይንህን ገልጠህ ነበር» ትለኛለች። ሐረር የመጣሁት በእንስሳት ጤና ባለሙያነት ተመድቤ ነው፤ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ወዲያ ባሉት ቀበሌዎች እየዞርኩ ከብት እከትባለሁ። ለዚሁ ሥራ አንዲት ያረጀች ሰማያዊ ሞተር ሳይክል ተሰጠችኝ። ከእኔ በፊት ሦስት ባለሙያዎች ሲያንገላቷት ኖረዋል። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሲያስረክበኝ አስፈረመኝና፣ «መካኒክ ጋ ስትሄድ ዓይንህን እንዳትነቅል። ኦርጅናሉን አውጥተው አሮጌ ይገጥሙልሃል። የተለወጠ ዕቃ ከተገኘ ተጠያቂው አንተ ነህ» አለኝ። እንዲህ ያለ ምክር ለእኔ ዓይነቱ ሰው መሰጠት አልነበረበትም።

በሁለተኛው ዓመት ሞተሯ ማርሽ ላይ አመል አወጣች። በግራ እግሬ ረግጬ ማርሽ ስለውጥ ፔዳሏ ወደ ቦታዋ መመለሱን ትታ እዚያው ታች ተንጠልጥላ ትቀራለች። በጫማዬ ጫፍ ከሥር አንስቼ ካልመለስኳት ቀጣዩ ማርሽ አይገባም። የሐኪም ጋራን ዳገት እየወጡ፣ ክትባት የያዘ የበረዶ ሣጥን ከኋላ አስሮ፣ በጫማ ጫፍ ፔዳል መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። አንድ ቀን እዚያው ዳገት ላይ በግራ ጎኔ ወደቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሞተሯ ብትነጠቅ ሥራዬን በእግሬ ልሠራው አልችልም፤ በእግሩ የሚሠራ ሌላ ሰው ደግሞ አይጠፋም።

ሰዎች ጋሽ ምንዳዬ ጋ ላኩኝ። ቤታቸውም ሥራቸውም ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አካባቢ ነው። ቅድመ አያታቸው በጥንት ጊዜ ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ወታደር ናቸው፤ ጋሽ ምንዳዬ ግን ከአማርኛው እኩል አደርኛም ኦሮምኛም ይናገራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በላስቲክ ከጭንቅላታቸው ጋር ያሰሩ ሰው ናቸው። ሞተሯን ገፍቼ ደረስኩና፣ «እንደምን ዋሉ ጋሼ?» አልኳቸው።

«አንቱ አትበለኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሐረር ውስጥ አንቱ የሚለኝ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ጥፋት አለበት። አንተ የትኛው ነህ?»

«እንግዳ ነኝ።»

«እሱን እናያለን።»

እንዲህ ነበር የተዋወቅነው። እኔ እሳቸውን እየጠረጠርኩ፣ እሳቸው እኔን እየጠረጠሩ። አንቱታውንም አልተውኩትም፤ ያሳደገኝ አገር አይፈቅድልኝም።

ሞተሯን ከመንካታቸው በፊት እኔን መረመሩኝ። መቼ ጀመራት? በድንገት ነው ወይስ እያደር? ለሌላ ሰው አውሰሃታል? ወድቃ ታውቃለች?

«ወድቃ አታውቅም» አልኩ።

ጎንበስ ብለው የፔዳሏን ጫፍ በአውራ ጣታቸው አሹት። «እዚህ ጋ የተፋቀው ገና ዝገት አልያዘውም። የእግር መርገጫዋም ወደ ኋላ ሄዷል። በግራ ነው የወደቅኸው፤ ወር አይሞላውም።» ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። «ሞተር አይዋሽም አንተዬ። የሚዋሽ ባለሞተሩ ነው። እኔ ሁሌም መጀመሪያ የምፈታው ባለቤቱን ነው።»

አፈርኩ፤ ግን ሰውዬውን በዚያው ቅጽበት ወደድኳቸው። የእኔ ጥርጣሬ ወሬና ሐሜት ነው። የእሳቸው ጥርጣሬ ሥራ ነበር። አንዱን ነገር ይጠረጥሩታል፣ ይፈትሹታል፣ ነጻ ሆኖ ከተገኘ ነጻ ብለው ይለቁትና ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። እኔ ከጠረጠርኩት ነገር ውስጥ ነጻ ብዬ የለቀቅኩት ትዝ አይለኝም።

«ሆድ ዕቃዋን ከመክፈቴ በፊት ውጭ ያለውን ሁሉ እጠይቃለሁ» አሉ። ፔዳሏን የያዘችውን ቡሎን አጠበቁ፤ አመሉ አልለቀቃትም። መውደቁ ፔዳሏን አጣሞ ከሞተሩ ክዳን ጋር እንዳያጋጫት ፈርተው አወጧትና በመዶሻ አቃኗት፤ አሁንም ተንጠልጥላ ቀረች። ከዚያ ሞተሯን በመቆሚያዋ አቁመው የኋላ ጎማዋን ከመሬት አነሱ፤ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን በእኔ እጅ አስይዘው ጎማዋን በእጃቸው አዞሩት። እንደ ልቡ ዞረ። «ፍሪሲዮኑም ነጻ ነው» አሉ። «የቀረ ተጠርጣሪ አንድ ነው። ፔዳሏን ወደ መሐል የምትመልስ ሞላ ውስጥ አለች። እሷን ነው የምንይዘው። ነገ በጠዋት ና፣ ቁርስህንም ብላ፤ ከተቀመጥክ አትነሳም።»

በማግስቱ ሥራቸውን አየሁ። ከበራቸው ፊት ታጥቦ የነጣ አሮጌ አንሶላ መሬት ላይ ዘረጉ። እኔን የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው አስቀመጡኝና፣ «እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ። ዓይንህ እንደፈለገ ይሂድ፣ እጅህ ግን አይንቀሳቀስ» አሉኝ። ሕጋቸው ነው፤ ደንበኛው ከሥራው እንዲርቅ አይፈልጉም። ሌላው መካኒክ ሂድና ማታ ተመለስ ይላል። እሳቸው ቁጭ ብለህ እየኝ ይላሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ሰው ሁሉ ሌባ ነህ ብሎ ነው የሚመጣ። አይቶ ይሂድ» አሉ።

እያንዳንዷን ዕቃ ሲያወጡ በቤንዚን አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ በወጣችበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ አንሶላው ላይ ይደረድሯታል። ሲገጥሙ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ። «ከዚህ ጨርቅ ላይ እስከ ዛሬ አንዲት ቡሎን ጠፍታብኝ አታውቅም» አሉ። አላፊ አግዳሚው ባጃጅ ነጂ ሁሉ ይህንኑ ይመሰክርላቸዋል። እኔ ግን መስካሪ ሲበዛ ደስ አይለኝም።

ዘይቱን አፈሰሱ፣ የቀኙን ክዳን ከፈቱ፣ የፍሪሲዮኑን ሸክላዎች አንድ በአንድ አወጡ፣ ቀጥሎም ሸክላዎቹ የሚቀመጡበትን ትልቁን ድስት መሰል ዕቃ ሳቡ። ከበስተኋላው አንዲት ስስ የብረት ቀለበት ተከትላ ወጣች። ሮንዴላ ናት። አጠቧት፣ አደረቋት፣ በተራዋ አስቀመጧት። መጨረሻ ላይ የማርሹን ዘንግ ከነሞላው አወጡና ብርሃን ላይ ያዙት። ሁለት እግር ሊኖራት የሚገባት ሞላ አንድ እግር ብቻ ነበራት።

«ይኸውልህ» አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰለሰ። «ፔዳሏ ወደ ታች ስትሄድ መላሽ አጥታ ነው። ቀድሞም ደክማ ነበር። ስትወድቅ ጨረስካት።»

ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ ደስ ስላለኝ ተጠራጠርኩ። ጋሽ ምንዳዬ ከውስጥ አንድ ጣሳ ሙሉ ያገለገለ ዕቃ አመጡ። ከእኔዋ ጋር የምትመሳሰል ሞላ መረጡ። ከጣሳው ሌላ ሮንዴላም አወጡና ከእኔዋ አጠገብ አስቀመጧት። ስለ ሮንዴላዋ ምንም አላሉም። ሞላዋን ይዘው፣ «እግሯ ትንሽ ይረዝማል፤ ላስሞርዳትና መጣሁ» ብለው ወደ ጎረቤት ብየዳ ቤት ሄዱ።

ብቻዬን ከነጩ ጨርቅ ጋር ቀረሁ። ሁለት ሮንዴላ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠዋል። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ጆሮዬ ውስጥ ያወራል። ሞላዋ ተሰብራለች፣ እሺ። ሮንዴላዋ ምን ሆነች? ለምን ሌላ አመጡ? ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ የሚታለለው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚታለለው፤ ቁጭ ብሎ እያየ። የእኔዋን አነሳሁና ኪሴ ከተትኳት። የጣሳውን ሮንዴላ ሲገጥሙ ዝም ብዬ አይቼ፣ ሲጨርሱ በሰው ፊት የእኔዋን አውጥቼ ላሳያቸው ነበር ሐሳቤ። ወጥመድ ማዘጋጀቴ ነው። እጄን መልሼ ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

ተመልሰው ጨርቁን አንድ ጊዜ ብቻ አዩት። «የሞተሯ ሮንዴላ የት ገባች?» አሉ።

«የትኛዋ?»

«ያንተዋ። ያቺኛዋን ያመጣኋት ውፍረታቸውን ላስተያይ ነው፤ ያንተዋ ተበልታ እንደሆነ ልለካት።»

ላስተያይ ነው። ያች ቃል ወገቤን ቆረጠችው። ያን ጊዜ ማውጣት ነበረብኝ፤ ላወጣትም አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን አብዲና ሁለት ሾፌሮች መጥተው ቆመው ነበርና አብዲ፣ «ኧረ አቦ ጋሽዬ፣ ተረጋጋ። ወላሂ ሌባ እንኳ ቢመጣ ሞተሯን ትቶ ሮንዴላ ይሰርቃል?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሳቃቸው አፌን ዘጋው።

ጋሽ ምንዳዬ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እዚህ ነበርክ። ሰው መጥቷል?»

«ማንም አልመጣም።»

«ነክተሃል?»

«እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። የሚይዙኝ መስሎኝ ነበር፤ እንዲይዙኝም ፈልጌ ነበር። በተፋቀ ፔዳል ላይ ውሸቴን ያነበቡ ሰው ፊቴ ላይ ማንበብ እንዴት ያቅታቸዋል? ግን አመኑኝ። ሁሉን የሚጠረጥሩት ሰው በዚያች ሰዓት የጠረጠሩት ራሳቸውን ነበር።

አንሶላውን አራገፉ። ያጠቡበትን ቤንዚን አጠለሉ። በገመድ የታሰረ የድምፅ ማጉያ ማግኔት አምጥተው መሬቱን ስንዝር በስንዝር ዳሰሱ። እኔም ተንበርክኬ ኪሴ ውስጥ ያለችውን ዕቃ አፈር ላይ አብሬያቸው ፈለግኋት። ጥዬ «ይኸው» ልል አሰብኩ፤ ግን ማግኔቱ ያላለፈበት ቦታ አልቀረም። ማግኔቱ ወደ እኔ ሲቀርብ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ እንቀሳቀስ ነበር። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ቀና አሉ። የጣሳውን ሮንዴላ በስስ ሞረድ እየሞረዱ፣ ደጋግመው እየለኩ ገጠሙ። ሞላዋን ገጠሙ። ፔዳሏን ስረግጣት ጠቅ ብላ ተመለሰች። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ፈላና በርን ወጥቼ ደርሼ ስመለስ ሞተሯ ከአዲስ አትተናነስም ነበር። ጋሽ ምንዳዬ ግን ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እያገላበጡ ያዩ ነበር። «አስቀመጥኳት ብዬ አስባለሁ» አሉ። «አስቀመጥኳት እኮ።»

ያን ቀን ማምሻውን ሮንዴላዋን ከከተማው ወጣ ብዬ ገደል ውስጥ ወረወርኳት።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቼ ሳልፍ አንድ ገበሬ ሞተሩን እየገፋ ከበራቸው ሲመለስ አየሁ። «ጋሽ ምንዳዬ ሆድ ዕቃ መክፈት ትቷል፤ ገመድና ፍሬን ብቻ ነው የሚሠራው» አለኝ። ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ዕቃ የት እንዳስቀመጠ የማያውቅ ሰው የሰው ሞተር አይከፍትም» አሉ። «ዛሬ ሮንዴላ ናት። ነገ ማርሽ ውስጥ አንዲት ቡሎን ብረሳ አንዱ ዳገት ላይ ይሞትብኛል።»

ያኔም አልነገርኳቸውም። በዓመቱ ነጩ አንሶላ ጨርሶ ቀረ። ሰፈሩ «ጋሽ ምንዳዬ አረጀ» ብሎ ደመደመ፤ እሳቸውም አመኑ። ሚስታቸው እትዬ ብርቅነሽ፣ «ልቡን የሆነ ነገር በልቶታል፤ ምን እንደሆነ ግን አይነግረኝም» አሉኝ። እኔ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያውቁ ልለይ ዓይናቸውን አይ ነበር። ክፉ ሕሊና ያለበት ሰው አጽናኝ መሆን አይችልም፤ መርማሪ ነው የሚሆነው።

ጋሽ ምንዳዬ ታመው አልጋ ከያዙ በኋላ ምስጢሩን መያዝ አልቻልኩም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ። ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ያችን ሮንዴላ የወሰድኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ለምን እንደወሰድኳት፣ እንዴት እንደዋሸሁ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። እያለቀስኩ ነበር።

እሳቸው አላለቀሱም። መነጽራቸውን አደረጉ። «በየትኛው እጅህ አነሳሃት?»

«በቀኜ።»

«በየትኛው ኪስህ ከተትካት?»

«በሱሪዬ፣ በቀኝ። ዘይቷ ኪሴን አበላሽቶት ነበር።»

«የት አለች?»

«ጣልኳት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ድሮው፣ አንዱን ተጠርጣሪ ነጻ ብለው ሲለቁ እንደሚያደርጉት። «ዘይት አልነበራትም» አሉ። «በቤንዚን አጥቤ፣ በሰማያዊው ጨርቅ አድርቄ ነው ያስቀመጥኳት። አንተ አልነካሃትም። ብርቅነሽ ናት የላከችህ?»

«ማንም አልላከኝም። እውነቴን ነው።»

«እሺ» አሉና እጄን መታ መታ አደረጉኝ። «ይበቃል አሁን። ቁጭ በል፣ ስለ ላሞችህ ንገረኝ።»

ፈላና በር ጋ ስደርስ ነው የገባኝ። እሳቸው ትክክል ነበሩ። ኪሴን ያበላሸው መሬት ላይ ስንበረከክ የነካኝ ዘይት ነው፤ ሮንዴላዋ ደረቅ ነበረች። ከዓመት በላይ ቆይተው የማድረቂያውን ጨርቅ ቀለም ሳይቀር የሚያስታውሱት ሰው፣ አእምሮዬ ከድቶኛል ብለው ሥራቸውን ትተዋል። ይህን ልነግራቸው ሮጬ ተመለስኩ። እትዬ ብርቅነሽ በሩ ላይ፣ «ተኝቷል፣ አትቀስቅሰው፤ ስትመለስ ታገኘዋለህ» አሉኝ። በማግስቱ ለክትባት ዘመቻ ገጠር ወጣሁ። በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን አብዲ በር ላይ ጠበቀኝ።

ለቅሶ ስደርስ እትዬ ብርቅነሽ ከሴቶቹ መሐል ተነስተው እጄን ያዙና ከቤተ ዘመዱ አጠገብ አስቀመጡኝ። ለተሰበሰበው ሰው፣ «ይህ ልጅ ነው» አሉ። «ምንዳዬ እስኪሞት ሲያነሳው ነበር። ‹ዕቃ የጠፋብኝ እኔ ሆኜ ሳለ፣ ሌባው እኔ ነኝ ብሎ አልቅሶ ዋሸልኝ፤ እንዲህ ያለ ደግ ሰው አላየሁም› ይል ነበር።»

ሰዉ ሁሉ አየኝ። አብዲም አየኝ።

«እትዬ» አልኩ፣ «አልዋሸኋቸውም። የወሰድኳት እኔ ነኝ። በእግዚአብሔር ስም፣ እኔ ነኝ።»

እትዬ ብርቅነሽ ትከሻዬን አቀፉኝና ወደ ሰዉ ዞረው፣ «አያችሁት?» አሉ። «ዛሬም ያችን ደግ ውሸቱን አልተዋትም።»